የኪንግ ጀምሱ «ባይ ኤንድ ባይ» ማለት «ወዲያው» ነው ወይስ «ቆይቶ»? ትርጉሜ ተገለበጠብኝ

ተርጓሚዋ

ሰላም ለዚህ ቤት። አንድ የቆየ የእንግሊዝኛ የወንጌል ማብራሪያ ወደ አማርኛ እየመለስኩ ነው። ጸሐፊው የ19ኛው ክፍለ ዘመን ሰው ነው። ጥቅሶቹን ሁሉ የሚወስደው በ1611 ከታተመው ከኪንግ ጀምስ መጽሐፍ ቅዱስ ነው (ዓመቶቹን በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። እስከ ትናንት ማታ ድረስ ሥራው ደህና ይሄድልኝ ነበር፤ ሉቃስ 21፥9 ላይ ስደርስ ቆምኩ።

እንግሊዝኛው «ዚ ኤንድ ኢዝ ኖት ባይ ኤንድ ባይ» ይላል። እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው «ባይ ኤንድ ባይ» ትርጉሙ «ቆይቶ፣ ውሎ አድሮ» ነው። ስለዚህ «መጨረሻው ውሎ አድሮ የሚሆን አይደለም» ብዬ ጻፍኩ። መልሼ ሳነበው ደነገጥኩ። ውሎ አድሮ ካልሆነ አሁኑኑ ነው ማለት ነዋ! ጌታ ደቀ መዛሙርቱን «ጦርና ሁከት ስትሰሙ አትደንግጡ» እያለ የሚያጽናናበት ቃል በእኔ እጅ ማስደንገጫ ሆኖ አረፈው። የአማርኛውን መጽሐፍ ቅዱስ ገልጬ ባይ «ወዲያው አይሆንም» ይላል። የእኔ ፍጹም ተቃራኒ።

ይህ ብቻ ቢሆን አርሜ እቀጥል ነበር። ግን ወዲያው ማርቆስ 6፥25 ትዝ አለኝ፤ የሄሮድያዳ ልጅ የመጥምቁን ራስ ስትጠይቅ እዚያም «ባይ ኤንድ ባይ» አለ። ያንን ምዕራፍ የጨረስኩት ከሁለት ወር በፊት ነው፤ ጨርሼም ለጥናት ቡድናችን አስተምሬበታለሁ። ምን ብዬ? «ልጅቷ ንጉሡን አላጣደፈችውም፤ ሲመችህ ነው ያለችው፤ ችኮላውም ጭካኔውም የእናትየዋ ነው» ብዬ። አንድ ሙሉ ምሽት በዚህ ላይ ቆምን። አንዲት እናት እንባ ቀረሽ ሆነው «ምስኪን ልጅ» አሉ። አሁን ያንን ሳስበው ሆዴ ይረበሻል።

የምጠይቃችሁ ይህን ነው። ሐረጉ በእርግጥ «ወዲያው» ማለት የነበረበት ዘመን አለ? ካለስ መቼና እንዴት ተገለበጠ? እባካችሁ የምታውቁ አስረዱኝ፤ መዝገበ ቃላቱ «ጥንታዊ አጠቃቀም» ብሎ አንድ መስመር ጽፎ አልፎታል።

የግሪክ ተማሪ

እህቴ፣ አዎ፤ «ወዲያው» ነው። ጥርጥር የለውም፤ ምክንያቱም ከሥሩ ያለው ግሪክኛ አይዋዥቅም።

በኪንግ ጀምስ አዲስ ኪዳን ውስጥ ሐረጉ አራት ቦታ ይገኛል፦ ማቴዎስ 13፥21፣ ማርቆስ 6፥25፣ ሉቃስ 17፥7 እና ሉቃስ 21፥9። ማርቆስ ላይ ያለው የግሪክ ቃል «ኤክሳውቴስ» ነው፤ «ከዚያችው ሰዓት» እንደማለት። ማቴዎስ ላይ «ኤውቱስ»፣ ሁለቱ የሉቃስ ቦታዎች ላይ «ኤውቴዎስ» ነው። ሁለቱም «ወዲያው፣ በቀጥታ» ናቸው። «ቆይቶ» የሚል ትርጉም አንዳቸውም የላቸውም።

የማርቆሱን ደግሞ ግሪክኛ ባታውቂም ዙሪያውን ብታነቢው ይነግርሻል። ልጅቷ የገባችው «ፈጥና» ነው። ንጉሡም ቁጥር 27 ላይ ወታደሩን የላከው «ወዲያው» ነው። በሁለት ጥድፊያ መካከል አንድ «ሲመችህ» የት ይገባል? እንዲያውም «አሁን» ማለቷ ራሱ የሚያስፈራ ነው፤ እንግዶቹ ሳይበተኑ፣ መሐላው ሳይቀዘቅዝ፣ ንጉሡ ሐሳቡን ሳይቀይር ማለቷ ነውና። ትምህርትሽን ታርሚዋለሽ እንጂ አትጥይው፤ በዚህ በኩል ሲታይ የበለጠ ይከብዳል።

ሉቃስ 17፥7 ላይ አንድ ተጨማሪ ወጥመድ አለ። ኪንግ ጀምስ ሐረጉን «ማን ይለዋል» ከሚለው ግስ አጠገብ ነው ያስቀመጠው። ስለዚህ ከእርሻ ለተመለሰው ባሪያ ጌታው «ወዲያው ይለዋል» የሚል ይመስላል። የአማርኛው ግን «ወዲያው ቅረብና በማዕድ ተቀመጥ» ብሎ ቃሉን ለመቅረቡ ሰጥቶታል። የእንግሊዝ ሊቃውንት በ1881 አዲስ ኪዳኑን አሻሽለው ሲያወጡም ልክ እንደ አማርኛው አደረጉት። ያው የ1881 እትም አራቱንም ቦታ «ባይ ኤንድ ባይ» አውጥቶ በሌላ ቃል ተክቷል፦ አንዱን «ፎርዝዊዝ»፣ ሁለቱን «ስትሬይትዌይ»፣ ያስጨነቀሽን የሉቃስ 21 ደግሞ «ኢሚዲየትሊ»፤ ሦስቱም ቃላት «ወዲያው» ማለት ናቸው። እነርሱም አንባቢያቸው እንዳንቺ እየተሳሳተ መሆኑን አይተው ነው።

ጀማሪ አንባቢ

እኔ የመሰለኝን ልናገር። «ባይ» ያው የስንብቱ «ባይ ባይ» አይደለም እንዴ? ሰው ሲሰናበት «በኋላ እንገናኝ» ማለቱ ስለሆነ «ቆይቶ» የሚለው ትርጉም ከዚያ የመጣ ይሆናል። ምናልባትም የኪንግ ጀምስ ተርጓሚዎች ራሳቸው ስተው ይሆናል፤ ሰው ናቸውና።

የድሮ መምህር

ልጆቼ፣ እንደምን አመሻችሁ። 31 ዓመት እንግሊዝኛ ያስተማርኩ ሰው ነኝ፤ ይህን ሐረግ ከልቤ እወደዋለሁና ትንሽ ላስረዝም ፍቀዱልኝ።

በመጀመሪያ ለጀማሪ አንባቢ። የስንብቱ «ባይ» ሌላ ቤተሰብ ነው። «ጉድባይ» የተፈጠረው «እግዚአብሔር ከአንተ ጋር ይሁን» የሚለው የእንግሊዝኛ ምርቃት በ16ኛው ክፍለ ዘመን እየተጨመቀ ሲሄድ ነው። «ባይ ኤንድ ባይ» ውስጥ ያለው «ባይ» ግን «አጠገብ» የሚለው ጥንታዊ መስተዋድድ ነው። ተርጓሚዎቹም አልሳቱም። የታዘዙት የ1568ቱን የጳጳሳት መጽሐፍ ቅዱስ መሠረት አድርገው፣ ግድ ካልሆነ በቀር እንዳይለውጡት ነበር። ከዚያ በስተኋላ ደግሞ ዊልያም ቲንዴል በ1526 ያሳተመው አዲስ ኪዳን አለ። የማርቆሱ «ባይ ኤንድ ባይ» የቲንዴል ነው። ስለዚህ እናንተ የ1611 መጽሐፍ ስታነቡ ብዙ ጊዜ የምትሰሙት ከዚያ 85 ዓመት ቀድሞ የተናገረ ሰው ድምፅ ነው። ይህን ካላሰባችሁ ቃሉ ይሸውዳችኋል።

አሁን ወደ ሥሩ። የሐረጉ መነሻ ጊዜ አይደለም፤ ቦታና ተራ ነው። «አጠገብና አጠገብ»፣ በእኛ አነጋገር «ጎን ለጎን»። በ14ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዛዊው ገጣሚ ጄፍሪ ቾሰር በፈረሰኛው ተረኩ ውስጥ ከሬሳ ክምር መካከል የተገኙትን ሁለት ቁስለኛ ወጣት ፈረሰኞች፣ ፓላሞንንና አርሲትን፣ «ባይ ኤንድ ባይ» ተኝተው ነበር ይላል። «ቆይተው» ወይም «ወዲያው» ብትሉት ትርጉም አይሰጥም። ጎን ለጎን ነው። አንድ ዓይነት የጦር ልብስ የለበሱ ሁለት ዘመዳሞች ጎን ለጎን ወድቀዋል።

ከዚያ «ጎን ለጎን» የሚለው «አንድ በአንድ፣ በተርታ» ሆነ። በተርታ የቆሙ ነገሮች በመካከላቸው ክፍተት የለም። ክፍተት የሌለው ነገር ወደ ጊዜ ሲዞር «ያለ ክፍተት»፣ ማለትም «ወዲያው» ይሆናል። ድልድዩ ይህ ይመስለኛል። ቲንዴል የተጠቀመበት በዚህ ደረጃ ላይ ነው።

እንግዲህ «ወዲያው» እንዴት «ቆይቶ» ሆነ? እዚህ ላይ ነው ለተማሪዎቼ ሁልጊዜ ሼክስፒርን የማወጣው። ሰገነቱ ላይ ያለችውን ጁልየት አስቧት። ከታች ሮሚዮ ቆሟል፤ ከውስጥ ሞግዚቷ ትጠራታለች። ጁልየት «አኖን!» ትላለች፤ አኖንም «ወዲያው» ነው። አትሄድም። ሞግዚቷ ደግማ ትጠራለች። «ባይ ኤንድ ባይ መጣሁ» ትላለች። አሁንም አትሄድም፤ ከሮሚዮ ጋር ያላት ነገር አላለቀም። ቃሉ «ወዲያው» ይላል፤ እግሯ ግን ከቦታው አልተነሣም። ሞግዚቷ «ወዲያው» የሚለውን ስንት ጊዜ ሰምታ ስንት ጊዜ ጠበቀች? ቃሉን የገለበጠው ይህ ነው። አንድ ሰው አይደለም የገለበጠው፤ በየቤቱ «መጣሁ» እያለ የቆየ ሕዝብ ሁሉ ነው። እኛም ወንበራችን ላይ እንደተቀመጥን «መጣሁ» እንላለን እኮ፤ ያውም በኃላፊ ግስ፣ ደርሰን እንዳበቃን አድርገን። የሚሰማን ሰው ግን ገና መሆናችንን ያውቃል።

ሃምሌት ውስጥ ያለው ደግሞ ከዚህም የጠለቀ ነው። የንጉሡ አማካሪ ፖሎንየስ ወደ ልዑሉ ሃምሌት መጥቶ፣ እናትህ ንግሥቲቱ ልታነጋግርህ ትፈልጋለች፣ «ፕረዘንትሊ» ይለዋል። የዛሬ ሰው «በቅርቡ» ብሎ ይሰማዋል፤ የዚያን ጊዜ ግን «በዚህች ቅጽበት» ማለት ነበር። ሃምሌት ምን ያደርጋል? ሽማግሌውን አቁሞ ስለ ደመና ያወራዋል፤ ግመል ይመስላል፣ የለም ዓሣ ነባሪ ይመስላል እያለ። ከዚያ «ወደ እናቴ ባይ ኤንድ ባይ እመጣለሁ» ይላል። ፖሎንየስ «እንደዚያው እነግራለሁ» ሲለው ሃምሌት የሚመልሰው ቃል «ባይ ኤንድ ባይ ለማለትማ ቀላል ነው» የሚል ነው። ልጆቼ፣ እዚህ ላይ ቃሉ በሁለት ትርጉም መካከል ቆሞ ታዩታላችሁ። አባቱን የገደለውን ንጉሥ ሊበቀል ምሎ እስካሁን እጁን ያላነሣ ሰው ነው ይህን የሚናገረው። ወደ እናቱ ሲሄድም መንገድ ላይ ንጉሡን ሲጸልይ ያገኘዋል፤ ሰይፉን መዝዞ መልሶ ይከተዋል። «ወዲያው» ብሎ የሚዘገይ ሰው ከሃምሌት ሌላ ማን አለ? አንድ ተማሪዬ በአንድ ወቅት «ታዲያ እዚህ ጋ ወዲያው ነው ቆይቶ?» ብሎ ጠየቀኝ። ሃያ ደቂቃ ተከራከርን፤ አልወሰንም። አሁንም አልወስንም።

ይህ ተውኔት የተጻፈው በ1600 አካባቢ ነው፤ ኪንግ ጀምስ ደግሞ በ1611። ማለትም መድረኩ ላይ ቃሉ መንሸራተት በጀመረበት ዘመን መጽሐፍ ቅዱሱ የቲንዴልን ጥብቅ ትርጉም ይዞ ቆይቷል።

ብቻውንም አልተንሸራተተም። «አኖን» በጥንታዊው እንግሊዝኛ «በአንድ» ከሚል ነው የመጣው፤ በአንድ ጊዜ፣ በቅጽበት ማለት ነበር። የሼክስፒሩ የመጠጥ ቤት አሳላፊ ፍራንሲስ በዚህኛውና በዚያኛው ክፍል ሲጠሩት «አኖን፣ አኖን፣ ጌታዬ!» እያለ ሳይንቀሳቀስ መሐል ላይ ይቀራል። እንደዚህ ባለው አፍ «አኖን» «ቆይ ትንሽ» ሆነ። «ሱን» የሚለው የዛሬው ተራ ቃል እንኳ ከሺህ ዓመት በፊት «ሶና» በነበረበት ጊዜ «ወዲያው» ነበር። «ፕረዘንትሊ»ም እንዲሁ። አራት ቃል፣ አንድ ዕጣ።

ማስታወሻ ለተርጓሚዋ፦ እዚያው ማርቆስ 6፥25 ላይ «ቻርጀር» የሚል ቃል አለ። ወጭት፣ ትልቅ ሳሕን ማለት ነው። የጦር ፈረስም በእንግሊዝኛ በዚሁ ስም ስለሚጠራ ተጠንቀቂ፤ አንድ ጎበዝ ተማሪዬ የዮሐንስን ራስ በፈረስ ላይ አስጭኖት ያውቃል።

ተርጓሚዋ

መምህር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ያስተማሩኝን ወረቀት ላይ ገልብጬዋለሁ። የግሪክ ተማሪም አመሰግናለሁ፤ «መሐላው ሳይቀዘቅዝ» ያልከው ነገር ሌሊቱን ሙሉ በጆሮዬ ሲደወል ነበር። ቃሉ «አሁን» ከሆነ ልጅቷ ከእናቷ አፍ የተቀበለችውን ጥያቄ በራሷ ጥድፊያ አጣድፋዋለች። ነገ ቡድኑ ስለሚሰበሰብ ከሁሉም በፊት ይቅርታ ጠይቄ ይህን አነባለሁ።

ግን አንድ ነገር ቀረብኝ፤ ትናንት ሳልጽፈው የዘለልኩት ነው። የማብራሪያው ጸሐፊ ራሱ በገዛ ቃሉ «ባይ ኤንድ ባይ» ይላል። በአንድ ገጽ ላይ ሁለት ጊዜ አገኘሁት። መጀመሪያ የሉቃስ 21ን ጥቅስ ይጠቅሳል። ከሦስት መስመር በኋላ ደግሞ፣ አማኝ ዛሬ የሚያለቅስበትን ነገር «ባይ ኤንድ ባይ» ይረዳዋል የሚል ሐሳብ ይጽፋል። ሁለቱንም «ወዲያው» ልበላቸው? «ዛሬ የሚያለቅስበትን ወዲያው ይረዳዋል» ሲባል ለሐዘንተኛ ሰው የሚነገር አይመስለኝም።

የድሮ መምህር

አትበያቸው። እንዲያውም ጥሩ ምሳሌ አገኘሽ። ሰውዬው የሚናገረው በ19ኛው ክፍለ ዘመን አፍ ነው፤ የሚጠቅሰው ግን በ16ኛው ክፍለ ዘመን አፍ ነው። በሦስት መስመር ልዩነት ሁለት ተቃራኒ ትርጉም ቢኖር አይግረምሽ።

በእርሱ ዘመን ሐረጉ ከ«ቆይቶ»ም አልፎ ሄዷል። በ1868 አሜሪካ ውስጥ የተጻፈ አንድ እጅግ የታወቀ መዝሙር «ባይ ኤንድ ባይ»ን እንደ ስም ወስዶ ከሞት በኋላ ለሚመጣው የመገናኛ ቀን መጠሪያ አድርጎታል፤ የተወደዱ ሰዎች በዚያ ማዶ ባሕር ዳር የሚገናኙበት ቀን። ቀብር ላይ ስንቱ አልቅሶበታል። በ1911 ደግሞ የሠራተኞች ንቅናቄ ሰው የነበረው ጆ ሂል ያንኑ ዜማ ወስዶ፣ ለተራበ ሠራተኛ ዳቦውን ዛሬ ሳይሆን «ባይ ኤንድ ባይ» በሰማይ ትበላለህ የሚሉትን ሰባኪዎች ነቀፈበት። «በሰማይ ያለ ፓይ» (ፓይ የተጋገረ ምግብ ነው) የሚለው፣ ባዶ ተስፋን የሚነቅፈው የእንግሊዝኛ አባባል ከዚያ ዘፈን ነው የወጣው። እስቲ ልብ በይ፤ በቲንዴል እጅ ሰዓት እንኳ የማይታገሥ ቃል በ400 ዓመት ውስጥ ዕድሜ ልክ የሚያስጠብቅ ቃል ሆነ።

ስለዚህ የጸሐፊሽን «ውሎ አድሮ» በይው። በልጅነትሽ የተማርሽው ትርጉም እዚህ ቦታ ልክ ነው።

የግሪክ ተማሪ

መምህር ያሉት ላይ አንዲት ነገር ልጨምር። እዚያው መጽሐፍ ውስጥ ማቴዎስ 21፥19 እና 26፥53 ካሉ «ፕረዘንትሊ» የሚለውን ፈትሺ። የመጀመሪያው የበለሲቱ መድረቅ ነው፤ ሁለተኛው «ከአሥራ ሁለት ጭፍሮች የሚበዙ መላእክት» የሚለው። ሁለቱም «ወዲያው» ናቸው። የማቴዎስ 13፥20 «አኖን»ም «ወዲያው በደስታ የሚቀበለው» ነው፤ ቀጣዩ ቁጥር ላይ ደግሞ ያው ሰው «ባይ ኤንድ ባይ» ይሰናከላል። በግሪኩ ሁለቱም ቦታ አንድ ቃል ነው፣ «ኤውቱስ»። እንግሊዝኛው ለሁለት ስለከፈለው የዛሬ አንባቢ «በደስታ ተቀብሎ ቆይቶ ተሰናከለ» ብሎ ያነባል። ምሳሌው የሚለው ግን እንደተቀበለበት ፍጥነት ተሰናከለ ነው። ሥር የሌለው ተክል ነውና።

ጀማሪ አንባቢ

«ተርጓሚዎቹ ስተው ይሆናል» ያልኩትን አንሥቻለሁ። መምህር፣ የጉድባይን ነገር በማወቄ ደስ ብሎኛል፤ ሰው ስሰናበት ከዛሬ ጀምሮ ምርቃት መሆኑን አስቤ ነው የምለው።

ተርጓሚዋ

ከቡድኑ ተመልሼ ነው የምጽፈው። ነገሩን ከነስሕተቴ ነገርኳቸው። ያን ጊዜ «ምስኪን ልጅ» ያሉት እናት ዝም ብለው ሰሙኝና «አሁንም ምስኪን ናት፤ ማን እንዲህ መጣደፍን አስተማራት?» አሉ። መልስ አልነበረኝም። ይህንንም ጽፌ ያዝኩት።

ገጹን እንዲህ አስተካክዬዋለሁ። ጥቅሱ፦ «መጨረሻው ወዲያው አይሆንም።» የጸሐፊው፦ «አማኝ ዛሬ የሚያለቅስበትን ውሎ አድሮ ይረዳዋል።» በእንግሊዝኛው አንድ ሐረግ የነበረው በአማርኛው ሁለት ሆነ፤ ግርጌ ላይ ምክንያቱን በሁለት መስመር አስረድቻለሁ። የማቴዎስ 13ንም «ወዲያው» እና «ወዲያው» አድርጌ ሁለቱን ቁጥሮች አስተያየኋቸው። አሁን የቀሩኝ 40 ገጾች ናቸው። «ፕረዘንትሊ» እና «አኖን» ያለበትን ሁሉ በቀይ እያሰመርኩ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሬያለሁ። እስካሁን ሰባት አግኝቻለሁ፤ ሦስቱን ተሳስቼባቸው ነበር።